ልጄ ያሳየችኝ ጣቢያዎች

በዚያ እሑድ ጎንደር አራዳ፣ ወንድሜ ቤት የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ወንድሜ ስልኩን ከፍ አድርጎ መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ዋይፋዩ እዚያ ይሻላል። ሚስቱ በትከሻው በኩል ታያለች። ከአይከል የመጣችው አክስታችን እግሯ መቆም ስለማይችል ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤታቸው ሴትዮ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመዋል። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጄ ናት፤ የምትደውለው ቤልጂየም ካለ አንድ ባቡር ጣቢያ ነው።

ጎንደር ባቡር የላትም፤ እኔም ተሳፍሬ አላውቅም። ስለ ጣቢያ የማውቀው ሁሉ ከልጄ ነው። በመተማ በኩል ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏል። ከቤት ወጥታ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደረችው አክስታችን ዘንድ ነበር። ጣሊያን ከገባች ወዲህ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ሁልጊዜም ከጣቢያ። ሚላን ላይ ቀና ብለው የማይጨርሱት የድንጋይ ሕንፃ አሳየችን። ማድሪድ ላይ ጣሪያ ሥር የበቀለ ዘንባባ አየን፤ የወንድሜ ሚስት «ባቡር ነው የሚያፈሉበት ወይስ ችግኝ?» ብላ አሳቀችን። ፖርቶ በሚባል ከተማ ግድግዳው በሙሉ ሰማያዊ ሸክላ ነበር፤ ሸክላው ላይ ፈረሰኞችና ነገሥታት ተሥለዋል። ይህን ሁሉ ለእድር ሴቶች አወራሁላቸው። «ልጅሽ ዓለምን ዞረችው» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀኑ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሰፊ የድንጋይ ደረጃ፣ ወርቅማ ትልቅ ሰዓት፣ ከላይ ደግሞ ጉልላት አለው። አክስታችን ጉልላቱን እንዳየች አማተበች፤ ልትሳለመው ስልኩን ወደ አፏ አስቀረበች።

«የማን ደብር ነው፣ ልጄ?»

«ባቡር ጣቢያ ነው እኮ፣ እማማ።»

«ምነው ታዲያ ይህን ያህል ሸጋ አደረጉት? ለመሳፈሪያ?»

«ከፋሲል ግንብ ይበልጣል በይና እንጣላ» አለ ወንድሜ።

«አይበልጥም፣ ጋሼ። ግን የእናንተ ግንብ ማሞቂያ የለውም።»

ሁሉም ሳቁ። ልጄ ስልኩን ስታዞር ግራ እጇን አየሁት። የቦርሳዋ ማንገቻ አንጓዋ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል።

ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከገጠር በሽተኛ ይዘው የሚመጡ አስታማሚዎች ኮሪደር ላይ ሲያድሩ ቦርሳቸውን የሚያስሩት እንዲያ ነው። ተራ ጠብቆ የሚሄድ ሰው ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። እጁ ላይ የሚጠመጥመው እዚያው የሚተኛው ነው። ጠዋት ስገባ ማን እንዳደረ በዚህ እለይ ነበር።

ከዚያ ሌላውም ተከታትሎ መጣልኝ። በየከተማው የለበሰችው ያንኑ ቡናማ ጃኬት ነው። ሁልጊዜ ግድግዳ ተጠግታ፣ የስልኳን ገመድ ሰክታ ትቀመጣለች። ቤትሽን አሳዪኝ ስላት «እዚያ ኔትወርክ የለም» ትለኛለች። ሁሉንም አይቼዋለሁ። አላሰብኩትም እንጂ።

«ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ! ቤቴ ነዋ።»

«ቦርሳሽን ምነው እጅሽ ላይ አሰርሽው?»

እጇን አየችው። አልፈታችውም።

«እማዬ፣ ሰው አለ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለብቻዋ ብነግራት ወደ አገሯ አትመጣም። የምታፍረው እኔን አይደለም፤ እዚያ ክፍል የቆሙትን ነው። እነሱ እየሰሙ ካልተባለ ዋጋ አልነበረውም።

«ሰው ይስማ። ባዶ እጅሽን ነይ። ምንም ሳትይዢ ነይ።»

«ምን እያልሽ ነው?» አለ ወንድሜ፤ ስልኩን ግን አላወረደውም።

«እንዲህ ሆኜ?» አለች ልጄ።

«እንዲህ ሆነሽ።»

መልስ ልትሰጠኝ ነበር መሰለኝ። ከኋላዋ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መጣ። ገና ሳይናገራት ተነሳች፤ ገመዱን ነቀለች፤ አነሳሷ የለመደ ሰው አነሳስ ነበር። ስልኩ ላይ ጉልላቱ አንዴ ታየ፤ ከዚያ ወለሉ ብቻ ሆነ።

«እደውላለሁ» አለች። ተቋረጠ።

ወንድሜ ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው።

«በሰው ፊት አዋረድሻት፣ እቴ። እንግዲህ ሁለተኛ የምትደውል ይመስልሻል?»

«ተዋት» አለች አክስታችን፣ «እናቷ አይደለችም?»

«እናቷ ስለሆነች ነዋ!»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ ጎረቤቲቱ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ትደውል እንደሆነ አላውቅም አልኩት። ጫማዬን በሩ ላይ አጥልቄ ወጣሁ።