እህቴ ከቤሩት ያመጣቻቸው መጻሕፍት

በእኛ ቤት በዓረብኛ የተጻፈ ነገር መሬት አይነካም ነበር። ቁርአኑስ ይሁን፤ የተምር ካርቶን፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሳይቀር፣ ጽሑፉ ዓረብኛ ከሆነ አባታችን አንስተው አቧራውን በእጅጌያቸው ይጠርጉና ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡታል። ቡሬ ገበያ ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ቁርአን እንደ ውሃ ይቀራሉ፤ ትርጉሙን ግን አያውቁም። ይህ እሳቸውን አያሳፍራቸውም፣ እኛንም አያሳፍረንም ነበር። መድረሳ የገባን ሁሉ ፊደሉን ለይተን፣ ዜማውን ወድደን፣ ትርጉሙን ለዓሊሞች ትተን ነው የወጣነው።

ታላቅ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ከሻንጣዋ መጻሕፍት ወጡ። ሌላው ከዓረብ አገር የሚመጣ ሰው ብርድ ልብስና ሽቶ ነው የሚያወጣው። አባታችን አንዱን ገልጠው ለመቅራት ሞከሩና አቃታቸው፤ ከፊደሉ ላይና ታች የለመዱት የአነባበብ ምልክት የለም። ዘግተው ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት። "ይኸማ ለትልልቅ ዓሊም የተጻፈ ነው፤ ለእኔ ቢጤ አይገለጥም" አሉ። ከዚያ ሁሉንም በአረንጓዴ ሐር ጠቅልለው ከቁርአኑ ጎን፣ ከመደርደሪያው ጫፍ አወጧቸው። ቤታችንና ሱቃችን በአንድ ጣሪያ ሥር ስለነበር፣ በገበያ ቀን የሚመጡ ክርስቲያን ደንበኞቻችን እንኳ ቋጠሮውን በበሩ ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

እህቴ ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረባት የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ እሱ በእሷ ቦታ ይሁንና ይንገራቸው። አባት ባገኙት ሰው ፊት ሁሉ "የእኔ ልጅ ኪታብ ተሸክማ መጣች" እያሉ፣ ሰውም "ማሻአላህ" እያለ፣ መጻሕፍቱ የሰው ገመና ናቸው ይባላል? አንዱን የጻፈችው ባሏን ፈትታ ብቻዋን ለመኖር የቆረጠች መምህርት ናት። በሌላው ደግሞ በጦርነት መሃል ያደገ ሰው የሰፈሩን ድህነትና የአባቱን ዱላ ያወራል። ይህን የነገረችኝ ለእኔ ብቻ ነው፤ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስንልጥ፣ ሳቋ እንዳይሰማ አፏን በሻሿ ይዛ። አባታችን መስጊድ ሲሄዱ ወንበር ላይ ቆማ አንዱን ታወርድና ታነባለች፤ ሲመጡ ቋጠሮውን እንደነበረ አስራ ትመልሳለች። በገዛ መጽሐፏ ሌባ ሆነች። እናታችን ከሞተች በኋላ እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ነበረች፤ እንዲህ ስትሹለከለክ ሳያት ይበልጥ እወዳት ነበር።

አባታችን ግን ነገሩን ከዚያም አሳልፈው ወሰዱት። "ኪታብ አሸክሞ የሚሸኝ ሰው ክፉ አይሆንም" አሉና እኔም ቤሩት እንድሄድ ፈቀዱ። እኔ ደግሞ ቡሬ ሰልችታኝ ነበር፤ ደስታዬን አልቻልኩትም። ፍኖተ ሰላም የሚኖር አንድ ደላላ ጉዳዬን ያዘ፤ ፓስፖርቴ በእሱ እጅ ነበር። እህቴ "አትሂጅ" አለችኝ። ለምን ስላት "ዝም ብለሽ አትሂጅ" ነው መልሷ። እሷ ሄዳ አይታ እኔን ጨርቅ ስለካ ልታስቀረኝ ነው ብዬ አኮረፍኳት።

ልሄድ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ጁምዓ ቀን፣ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት እንዳበቃ አባታችን ሱቁን ዘግተው ገቡ። መንገደኛ ያለ ዱዓ አይወጣም። ቋጠሮውን ራሳቸው አወረዱ፣ ከመጻሕፍቱ ወፍራሙን መረጡና ለእህቴ በሁለት እጃቸው አቀበሏት።

"በዚህ ዱዓ አድርጊላት። እኔ በማላውቀው ከምደናቀፍ አንች ቅሪላት፤ እኛ አሚን እንላለን" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ።

እህቴ መጽሐፉን ተቀብላ ሳትገልጠው ያዘችው። አላህን ትፈራለች፤ የሰው ትዳር ታሪክ እየቀራች አሚን ልታሰኛቸው አትችልም። እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ደርሶ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

"አባየ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይኸ የዱዓ ኪታብ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"የሰው ኑሮ ነው። አንዲት የቤሩት ሴት የራሷን ኑሮ የጻፈችው ነው።"

አባታችን እጃቸውን ሳያጥፉ አሰቡ። "በዓረብኛ እንዲህ ያለም ይጻፋል?"

"ይጻፋል።"

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጨርቅ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። "እሽ። ኑሮ ከሆነ እኛም የምንኖር ሰዎች ነን። ምን እንደምትል አንብቢልን።"

እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልን። ሴትዮዋ ከባሏ ስለ መለያየቷ፣ ስለ እናቷ ቁጣ፣ ስለ መብራት መጥፋት ታወራለች። አባታችን የሚያውቁት ነገር በመጣ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መብራቱ ላይማ ሳቁ። አንድ ቦታ ላይ ሐበሻዋ ሠራተኛ ሻይ አቅርባ ወጣች።

"ሐበሻ ይላል?" አሉ ቀና ብለው።

"አዎ፣ ይላል።"

"የት ሄደች?"

"አይልም። ሻይ ማቅረቧን ብቻ ነው የሚለው።"

"ይኸን ያህል ወፍራም መጽሐፍ ሰው ጠርቶ ሜዳ ላይ አይተውም። እስቲ ግለጭው።"

እህቴ ገለጠች። ቀጣዩን ገጽ አየች። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችውና ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ ቀጠለች። ልጅቱ የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ኋላ፣ በመስታወት በተከለለች በረንዳ ላይ ነው። በብርድ ወራት መስታወቱ በረዶ ይሆናል። ሰዎቹ ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉባታል። የምትበላው ከገበታው የተረፈውን ነው፤ ምንም የማይተርፍበት ቀንም አለ። ሲጠሯት ደግሞ ከእሷ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ነው፤ አዲስ ስም መልመድ ሰልችቷቸው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የቤቱ ልጅ ብቻ አንድ ቀን እውነተኛ ስሟን ጠየቀቻት። ፊደል እንደምትለይ ስታውቅ ማንበብ አስተማረቻት፣ መጻሕፍቷንም በድብቅ ትሰጣት ጀመር።

በዚህ ጊዜ ገባኝ። እጇን ልይዛት ፈልጌ አባታችንን ፈራሁ። እሳቸው የተዘረጉ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው አፏን አፏን ያያሉ።

"አባት የላትም?" አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"አላት እንጅ" አለች እህቴ። "ደግ አባት አላት። ምን ያውቃሉ ብለው ነው፤ እሳቸው ቡሬ ናቸው።"

አባታችን ወደ እኔ ዞሩ። "ነገ ፍኖተ ሰላም ሄጀ ደላላውን እኔው አገኘዋለሁ። ፓስፖርትሽን ይዠልሽ እመጣለሁ።" እሽ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቡሬ መቅረቴ ደስ አለኝ።

እህቴ ተነስታ ልትወጣ ስትል ስሟን ጠሩ። ሊያዝዟት አልነበረም፤ ስትወለድ ያወጡላትን ስም ከነአባቷ፣ ሙሉውን ነው የጠሩት።

"አቤት" አለች ቆማ።

እንደገና ጠሯት።

"አቤት አባየ" አለችና አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። እሳቸውም እያለቀሱ ደግመው ደጋግመው ይጠሯት ነበር፤ እሷም በጠሯት ቁጥር አቤት ትላቸዋለች።