ከበላይ አካል የመጣው ኦሬንቴሽን

ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በፊታችሁ እናዘዛለሁ... እኔ ሚልኪ ማንም ሳይሾመኝ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ለአንዲት ሠራተኛ ኦሬንቴሽን ሰጥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ኦቦ ፈይሳ አምቦ ላይ፣ የነቀምት አውቶቡሶች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለው። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ምሳዬን እዚያ ነው የምበላው። (ቁርሴንም... ግን እሱን እስካሁን አላወቀም።)

አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ኦሬንቴሽን የሚሰጠው አጎቴ ራሱ ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ስለ ሳህን ግን አንድ ቃል የለውም! ዋናው ሕግ እሱ በበሩ ሲገባ ሁሉም የያዘውን ትቶ ተሰልፎ እንዲቀበለው ነው። «አካም ቡልተን ኦቦ!» ብለው እንዴት እንዳደረ ይጠይቁታል። እሱም ከዳር እስከ ዳር የእያንዳንዱን እናት፣ የእያንዳንዱን ላም ደህንነት ይጠይቃል። ደግሞ በቀን አምስቴ ይወጣል፣ ይገባል።

«እኛ ድርጅት አይደለንም፣ ቤተሰብ ነን» ይላል። ደንበኛው አጨብጭቦ አጨብጭቦ ማዶ ካለው ምግብ ቤት ይገባል። ቤተሰብ ስላልሆነ መሰለኝ።

ጫልቱ ከባኮ የመጣች አዲስ አስተናጋጅ ናት። ባለፈው ሐሙስ የሙከራ ጊዜዋ የመጨረሻ ቀን ነበር። ጠዋት አጎቴ ለሚስቱ ለእትዬ ብርቄ ሲነግራት ሰማሁ... «ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ግን ቀርፋፋ ናት። ማታ ትሸኝ።»

ቀርፋፋ?! ሁልጊዜ ቀድማ የምትሰለፈው እሷ እኮ ናት! አሁን ባኮ ተመልሳ ለእናቷ ምን ልትል ነው?

እጅ መታጠቢያው ጋ ያዝኳት።

«ጫልቱ፣ አዲስ ኦሬንቴሽን ወጥቷል።»

«ከማን?»

«ከበላይ አካል። ከዛሬ ጀምሮ አለቃ ሲገባ መሰለፍ ቀርቷል። እጁን ያነሳ ደንበኛ ጋ መሮጥ ብቻ!»

«ኦቦስ አይቆጡም?»

«እሳቸውም ያውቃሉ» አልኳት። (ይህችንም ኑዛዜዬ ላይ ጨምሩልኝ።)

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ሰው በራችን ላይ ወረደ! ረዳቱ «ግማሽ ሰዓት ብቻ!» እያለ ይጮኻል። ልክ በዚያች ደቂቃ... አጎቴ ገባ።

ሦስቱ ነባር አስተናጋጆች እየተጋፉ በሩ ጋ ተሰለፉ። አንዱማ የደንበኛ ጥብስ እንደያዘ ነው የቆመው!

ጫልቱ ግን በረረች። «ሁለት በየአይነት! አራት ጥብስ! ለእማማ ውሃ!» እኔ ጉሮሮዬ ላይ እንጀራ ተሰክቶ አጨበጭባለሁ። አጎቴ የሦስተኛው አስተናጋጅ ላም ጋ ሲደርስ ተሳፋሪው መብላት ጀምሯል።

ሾፌሩ እጁን ታጥቦ ወደ አጎቴ መጣ። «ኦቦ፣ ከነገ ጀምሮ የምሳ ማቆሚያዬ እዚህ ነው! ይህችን ልጅ ከየት አገኛችኋት?»

አጎቴ ደረቱ በአንዴ ተነፋ። «የኦሬንቴሽን ውጤት ነዋ! ጫልቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ! ሾፌሩ ምስክሬ ነው። በይ፣ ለነዚህ ሰነፎች የተማርሽውን ንገሪያቸው!»

በልቤ «አትናገሪ፣ አትናገሪ...» እላለሁ።

«አለቃ ሲገባ መሰለፍ ቀርቷል» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ባለ ጥብሱ አስተናጋጅ ቀስ ብሎ ከሰልፉ ወጣ።

«ማነው ያለው?» አለ አጎቴ።

«ከበላይ አካል የመጣ ነው፣ ኦቦ።»

«እዚህ ቤት ከእኔ በላይ ማን አለ?!»

የሁሉም ዓይን... ማንም ያልነገረው የሾፌሩ ዓይን ሳይቀር... በመጨረሻም የአጎቴ የራሱ ዓይን ወደ ኩሽናው መስኮት ዞረ። እትዬ ብርቄ ማማሰያዋን ይዛ ቆማለች።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «ግን ድሮ ማለት ነበረብኝ!»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ሳህኔን እንደያዝኩ በጓሮ በር በኩል ቀስ... ቀስ... አንድ እግሬ ወጥቷል... የአጎቴ ድምፅ ከኋላዬ ደረሰ።

«ሚልኪ!»