ለትርፌ የተጠየቀ ካሳ

ከሰበታ

ቅዳሜ ጠዋት ከሰበታ ስነሳ ጭጋጉ ገና ከአስፋልቱ አልተነሳም። የምሄደው ሱሉልታ፣ ኦቦ ደበላ ዘንድ ነው። የሳቸው አያት ቅድመ አያቴን ትርፌን በልጅነቷ እንደ ከብት ገዝተው ዕድሜዋን ሙሉ በባርነት አሠርተዋታል። አክስቴ አስካለ «ካሳ ይገባናል» ብላ ሽማግሌ ልካ፣ ዛሬ ተቀጥረናል። እኔ እውነቱን ልናገርና፣ የሆነ ነገር ከተገኘ ከኪራይ ቤት እገላገላለሁ ብዬ ጎምጅቻለሁ።

ቡራዩ

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ታክሲ ተራው ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁላት።

«ብዪ አንቺ፤ እኔ ዛሬ አይወርድልኝም» አለችኝ።

ከአዲሱ ገበያ የያዝነው ሚኒባስ እንጦጦን ሲያልፍ ጉም ዋጠን። ሯጮች ከጉሙ ብቅ ይሉና ኮቴያቸው ሳይሰማ መልሰው ይጠፋሉ። አክስቴ መስኮቱን በመዳፏ እየጠረገች፣ «በዚህ በኩል ይሆን ያመጧት?» አለች። ነቅቼ ይሁን አሸልቤ እንጃ፣ ከሯጮቹ ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ስትሄድ ያየሁ መሰለኝ።

ሱሉልታ

ኦቦ ደበላ «አካም ጅርቱ? ግቡ፣ ግቡ!» እያሉ ተቀበሉን። ሽማግሌዎቹ ቀድመውን ተቀምጠዋል። በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ቀረበ። አክስቴ አልነካችውም፤ እኔማ ምን ገዶኝ፣ በላሁ።

ኦቦ ደበላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰው የገዙት አያቴ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ቢሆንም ባዶ እጃችሁን አትሄዱም፤ አንድ በግ በስጦታ ውሰዱ።»

«ስጦታ ከተቀበልኩ ላመሰግን ነው፤ ምኑን አመሰግናለሁ?» አለች አክስቴ። «ሰው ሲገደል ጉማ ትከፍሉ የለም ወይ? የደም ካሳ? ዕድሜዋን ሙሉ ለተወሰደባትስ?»

ትልቁ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ጉማ የሚከፈለው ለሟች ጎሳ ነው። የሷ ጎሳ ማን ነው?»

«ማን ይወቀው! ከደቡብ ነው ያመጧት። ትርፌ ብለው የሰየሟትም ገዢዎቿ ናቸው። እናቷ ያወጣችላትን ስም አስረስተዋታል። ጎሳዋ እኛው ነን፤ ሌላ ከየት ይመጣል?»

የኦቦ ደበላ ፊት ጠቆረ። «ስሟ የጠፋው እኛ ቤት ነው?» አሉ። በበሩ በኩል ከጓሮ ወዳለው ባህር ዛፍ አመለከቱ። «መሬቱ የመንግሥት ነው፤ አልሰጣችሁም። ባህር ዛፉን ግን እኔ ነኝ የተከልኩት፤ ግማሹ የናንተ ነው። ስጦታ አይደለም፣ ካሳ ነው። ሽማግሌዎች፣ ስሙልኝ።»

«ስሟንስ?» አለች አክስቴ።

«እሱን ከየት አባቴ ላምጣው፣ እህቴ?»

እቤት

ሰበታ ስገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። በባህር ዛፉ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። መከፈል የሚችለው መከፈል አለበት፤ የልጅ ልጅ ቢሆንም ይክፈል። መከፈል የማይችል እንዳለ ግን ዛሬ ነው የገባኝ።

ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣለች። በአገሯ ድሮ ለሴት የሚወጡ ስሞችን እንድትነግረኝ ለመንኳት። አንድ በአንድ ጠራችልኝ። እኔም ተከትያት እያንዳንዱን ቀስ ብዬ እጠራና፣ አቤት የሚለኝ ያለ ይመስል ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።

ጎረቤቴ ሳቀች። «ምነው፣ ለልጅ ነው እንዴ?»

«አዎ» አልኳት፣ «ለልጅ ነው።»