የሉቅማ ጥፍርና የማለዳው ጨዋታ

ኢንሺራህ ዐብደልሻፊ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘወትር ጠዋት ውሻዋን ሉቅማን ይዛ በሲዲ ቢሽር ሰፈር አጫጭር የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ውሻ ጠባቂው ባዩሚ ዘንድ ታደርሰዋለች፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ሆቴሉ ሄዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የስልክ ማዞሪያው ላይ ትቀመጣለች፤ ስትመለስ ውሻዋን ተቀብላ ከታላቅ እህቷ ከሐጃ ዳውለት ጋር ወደምትኖርበት ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች። ዓርብ ታርፋለች።

ከሆቴሉ በፊት የወጣትነት ዕድሜዋን የጨረሰችው በከተማው ስልክ ቤት፣ የማታውቃቸውን ሰዎች እርስ በርስ ስታገናኝ ነበር። ከዚያ ይዛ የወጣችው ሀብት ጆሮዋን ነው። ደዋዩ ገና «አሎ» ሲል የተኳረፈ መሆኑን፣ ቁርስ ያልበላ መሆኑን፣ ሊዋሽ የተሰናዳ መሆኑን ትለያለች። ጋዝ ሻጩ ሲሊንደሮቹን በብረት እየቀጠቀጠ በጎዳናው ሲያልፍ ከመስኮት ብቅ ብላ «ሦስተኛው ጎዶሎ ነው!» ስለምትለው፣ ሰውየው ሚዛን ከያዘ ተቆጣጣሪ ይልቅ እሷን ይፈራል። በዚህ ጆሮ እጅግ ትኮራለች፤ ኩራቷንም ለመደበቅ ደክማ አታውቅም።

ሉቅማ ማለት ጉርሻ ማለት ነው። ስሙን ያወጣችለት ሐጃ ዳውለት ናት፤ ያወጣችውም በፍቅር አልነበረም። ኢንሺራህ ከዝናብ አንሥታ በሻርፗ ጠቅልላ ያመጣችውን ቡችላ ባየች ጊዜ «ይኼ? ይኼማ ለአንድ ድመት አንድ ጉርሻ ነው!» አለች፤ ስም ሆኖ ቀረ። ጉርሻው አድጎ ዛሬ በሩን የሚሞላ፣ ጠጉሩ ቢጫ፣ ጥፍሩ ጥቁር ውሻ ሆኗል። ሐጃ ዳውለት በቤቷ እንዲኖር ስትፈቅድ እህቷን ሁለት ውል አስገብታታለች፦ መስገጃዋ ካለበት ክፍል እንዳይደርስ፣ ኢንሺራህ በሌለችበትም ሰዓት ቤት እንዳይውል።

«ቀን ቀን የሚጠብቀው ታማኝ ሰው እስካለ ድረስ ይኑር። ሰው የጠፋ ዕለት ወደ ሻዕባን እርሻ ይሄዳል» አለች። ሻዕባን በየዓርቡ ከገጠር እንቁላል እየጫነ የሚመጣ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ በእርሻው ውሻ የሚኖረው በሰንሰለት ነው።

ታማኙ ሰው ባዩሚ ሆነ። ባዩሚ በሙቀቱ ወራት ከባሕር ዳር ማማ ላይ ተቀምጦ የሚሰምጥን ሰው የሚያወጣ ዋናተኛ ነው፤ እንግዶች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ደግሞ ባሕሩን የሚደፍር ስለማይኖር በምድር ቤቱ የውሾች መዋያ ይከፍታል። ከመስከረም ጀምሮ ኢንሺራህ ሉቅማን ስትሰጠውም ሆነ ስትቀበለው የሚያስከፋት ነገር አላየችም። እስከዚያ ሰኞ ድረስ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ከመተላለፊያው አንድ ድምፅ ሰማች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሉቅማ በሴራሚኩ ንጣፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር።

«ምንድን ነው ይኼ?» ሐጃ ዳውለት ከሳሎን ጮኸች። «ባለ ተረከዝ ጫማ ገዛሽለት እንዴ? ሙሽራ የገባች መስሎኝ እልል ልል ነበር!»

ኢንሺራህ አልሳቀችም። የውሻ ጥፍር ዘወትር ያድጋል፤ የሚያሳጥረው ድንጋይ ነው። ባዩሚ ውሾቹን በባሕር ዳሩ ጎዳና፣ በኮርኒሹ ድንጋይ ላይ ሲያንሸራሽር የሉቅማ ጥፍር ድምፅ አልነበረውም። ድምፅ ካወጣ ድንጋይ አልረገጠም፤ ድንጋይ ካልረገጠ አልተንሸራሸረም፤ ካልተንሸራሸረ ታስሮ ውሏል። ሐሳቧ እንደ ጥሩ የስልክ መስመር ቀጥ ብሎ ሄደ፤ አንድም ቦታ አልተጠላለፈም። ተንበርክካ መዳፉን ስትገልጥ ደግሞ በጣቶቹ መካከል ቅንጣት አቧራ አጣች። እንደ ታጠበ ሳህን ነጽቷል። ቀኑን ሲንሸራሸር የዋለ እግር እንዲህ ይጠራል?

ጥፍሩን ራሷ ቆርጣ ነገሩን ለመጨረስ አትደፍርም። ያለፈው ዓመት አንድ ሐኪም ቤት ወስዳው፣ በጥቁሩ ጥፍር ውስጥ የት ድረስ ሥጋ እንዳለ አይታይምና፣ ቆራጩ ደም ሥሩን ነክቶበት ነበር። ሉቅማ ጮኸ፤ ኢንሺራህ ከሉቅማ በላይ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ መቁረጫ ያየ እንደሆነ አልጋ ሥር ይገባል። ባዩሚንም በመጀመሪያው ቀን «የፈለግከውን አድርግ፣ ጥፍሩን ግን እንዳትነካ» ብላ አስምላዋለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከማዞሪያው ደወለችለት።

«አሎ፣ ባዩሚ? እንዴት ናችሁ?»

«እትዬ ኢንሺራህ! አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደኅና ነን።»

«ውሾቹ እየተንሸራሸሩ ነው?»

«መንሸራሸር ብቻ? እየበረሩ ነው እንጂ!»

ቃሉን ትታ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን አዳመጠች። የጥፍር ድምፅ የለም። የኮርኒሹ መኪናና ጡሩምባ የለም። ያለው ሁካታ ነው፤ ከሩቅ የሚነሣ፣ ከፍ ከፍ ብሎ የሚፈነዳ፣ ዝቅ ብሎ እንደገና የሚነሣ፣ ሺህ ሰው ባንድነት ብድግ ብሎ የሚቀመጥበት ዓይነት ሁካታ።

«ኳስ እያየ ነው!» አለች ቤት እንደገባች ለእህቷ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ። «በጆሮዬ ሰማሁት። የስታዲየም ጩኸት ነው!»

«በጠዋት ማነው ኳስ የሚጫወተው?»

«ድጋሚ ስርጭት ነዋ! እሱ ቡና ቤት ተጎልቶ፣ ምስኪኖቹ ታስረው።»

«እና ማን አሸነፈ?»

«ሐጃ! እኔ የምልሽ ይገባሻል?»

«እንዴታ። ሰውየው ውሸታም ነው እያልሽኝ ነው» አለች ሐጃ ዳውለት፣ መቁጠሪያዋን ሳታቆም። «ውሸታም ከሆነ ደግሞ ውላችን ውል ነው። ዓርብ ሻዕባን እንቁላሉን ያወርድና ውሻሽን ይጭናል።»

ክሱን ያቀረበችው ኢንሺራህ ናት፤ ፍርዱ ግን በሉቅማ ላይ ወደቀ። የተፈረደበት ውሻ ምንም ሳያውቅ አገጩን በጫማዋ ላይ አሳርፎ ጅራቱን አንዴ ከንጣፉ ጋር አማታ።

ረቡዕ ጓደኛዋን በማዞሪያው ላይ ተክታ ከሆቴሉ ቀደም ብላ ወጣች። በሚኒባሱ ውስጥ ለባዩሚ የምትናገረውን ስድብ እንደ ተማሪ ግጥም ታጠና ነበር። ቤቱ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ከበሩ ጎን ልብስ ተኳሹ ኡስታ ገሪብ ዓይኑን ከካውያው ሳያነሣ እንዳቀረቀረ ነው።

«ባዩሚ የት ነው?»

«ከጎዳናው ማዶ። በዚህ ሰዓት የት ይሆናል ብለው ነው እመቤቴ?»

«አውቄዋለሁ!» አለች። ተኳሹ ያወቀችውን ነገር ለመጠየቅ ቀና ሲል እሷ ወደ ኮርኒሹ ታጥፋ ነበር።

ወደ ማዶ የሚያሻግረው በመኪናው መንገድ ሥር የተቆፈረ መተላለፊያ ነው። ደረጃውን ወርዳ ከጨለማው ስትገባ ያው ሁካታ መጣ። ከፍ አለ፣ ፈነዳ፣ ዝቅ አለ። ልቧ በድል መታ፤ ቡና ቤቱ ከመውጫው ላይ ነው ማለት ነው! እርምጃዋን አፈጠነች፣ የስድቧን የመጀመሪያ ቃል በምላሷ ጫፍ አዘጋጀች፣ ደረጃውንም ወጣች።

ቡና ቤት የለም። ቴሌቪዥን የለም። ሰው አልባ የሆነ ሰፊ የታኅሣሥ አሸዋ አለ፤ በአሸዋው ጫፍ ደግሞ ሺህ ሰው ሆኖ ብድግ የሚለውና የሚቀመጠው ባሕሩ ነው።

ኢንሺራህ ቆመች። የተወለደችው ከዚህ ውሃ ጎን ነው፤ ሲጮኽ አድጋለች፣ ሲጮኽ ተኝታለች። የራሱን ትንፋሽ የሚያዳምጥ ማን አለ? የጋዝ ሲሊንደር ጉድለት የሚለይ ጆሮ በስልክ የመጣለትን ባሕር ለይቶ ማወቅ ተስኖት ለስታዲየም ሰጥቶታል።

ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለው ባዩሚ በውሾች መካከል ይሮጥ ነበር። ከሁሉም ፊት ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አስተኝቶ የሚበረው ሉቅማ ነው። ባለቤቱን ሲያይ አቅጣጫውን ቀየረና እርጥብ መዳፎቹን በሆቴሉ የደንብ ልብስ ላይ፣ ልክ ከስሟ ጽሑፍ ሥር አተመ።

«እትዬ ኢንሺራህ! ምነው፣ በሰላም?» ባዩሚ እያለከለከ መጣ።

ያጠናችው ስድብ ከአእምሮዋ ጠፍቶ ነበር። «ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?» አለች።

«የምን ጨዋታ?»

ነገረችው። ኩሩ ሴት ስትናዘዝ እንደምታደርገው ፈጠን ፈጠን አድርጋ፣ ዓይኗን ከውሻው ላይ ሳታነሣ፣ ከጥፍሩ ድምፅ እስከ ስታዲየሙ ነገረችው። ባዩሚ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ሳቁ አሸነፈውና አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

«ቡና ቤት? እኔ? ወላሂ እትዬ፣ እነዚህን ጉዶች ይዞ ማን ቡና ቤት ያስገባኛል? ብርዱ ገብቶ ባሕር ዳሩ ሰው አልባ ከሆነ ወዲህ እኮ በኮርኒሹ አልሄድኩም። እዚያ ገመድ ይዤ ስጎተት ከምውል እዚህ ለቅቄያቸው ይሩጡ ብዬ ነው።»

«አሸዋ ላይ ከሮጠ እግሩ ውስጥ አሸዋ አይገኝም እንዴ?»

ባዩሚ ሉቅማን ጠርቶ ከማማው ሥር ወዳለው ቧንቧ ወሰደው። በባልዲ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጅቷል፤ ከቤቱ በቴርሞስ ይዞት የሚመጣው ነው። አራቱንም እግሮች አንድ በአንድ ነክሮ፣ ጣት ከጣት እየለየ አጠበና በፎጣ አደረቀ። ውሻው ጡረታ እንደወጣ ባለሥልጣን እግሩን ራሱ እያነሣ ይሰጠው ነበር።

«ሐጃ ዳውለት ይሰግዳሉ ብለውኝ የለ?» አለ ባዩሚ። «ከእኔ ቤት አሸዋ ወስዶ መስገጃቸው ላይ ቢያራግፍ ምን ይሉኛል? ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል ይባላል፤ እኔ እግሩን ሰባት ጊዜ አላጥበውም፤ አንዱን ግን በደንብ አድርጌ ነው የማጥበው።»

ኢንሺራህ የወንጀል ማስረጃ አድርጋ የቆጠረችው ንጽሕና በየቀኑ በሰው እጅ የተሠራ አክብሮት ነበር።

«ጥፍሩን ግን እኔም አይቼዋለሁ» ሲል ባዩሚ ቀጠለ። «አሸዋ አይሞርድም። ዝም ያልኩት አስምለውኝ ነው። መቁረጫ አያስፈልገኝም፤ በሞረድ በጥቂት በጥቂቱ እፈገፍገዋለሁ፤ ደም ሥሩ ጋ አልደርስም። የሌሎቹንም የማደርገው እንደዚያ ነው። የሚስቴን የጥፍር ሞረድ ሁሉ ጨርሼባታለሁ፤ እጇን ሳያት አፍራለሁ።»

«እሺ፤ ነገ ፈቃድ ወስጄ እኔ እይዝልሃለሁ።»

«እርስዎማ አይኖሩም።»

«ለምን?»

«ገና ጥፍሩን ስነካ ትንፋሽዎን ይይዛሉ እኮ! እሱም ጆሮ አለው፤ ከባለቤቱ ነው የወረሰው። እርስዎ ሲፈሩ ይፈራል።»

«ቢደማስ?»

«ከደማ ራሴ እደውልልዎታለሁ። ካልደወልኩ አልደማም።»

ሐሙስ ዕለት ማዞሪያው እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ኢንሺራህ ትደነግጣለች፤ ዝም ሲልም ትደነግጣለች። እጇ ደጋግሞ ወደ ባዩሚ ቁጥር ሄደ፤ ደጋግሞም ተመለሰ። ሰውየው የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም አለመጠየቅን። በዚህ መካከል በአምስተኛው ፎቅ ያሉትን ሙሽሮች ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጋር አገናኘቻቸው፤ በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ባዩሚ አልደወለም። እሷም አልደወለችም።

አመሻሽ ላይ ሐጃ ዳውለት ሳሎን ውስጥ መቁጠሪያዋን ይዛ ዓይኗን ከድና ነበር። ስትገልጥ ሉቅማ ከጉልበቷ አጠገብ ቆሞ ያያታል።

«ቢስሚላህ!» መቁጠሪያው ከእጇ አመለጠ። «ትናንት እንደ ሙሽራ፣ ዛሬ እንደ ሌባ! ይኼ ውሻ መሐከለኛ የለውም እንዴ?»

ኢንሺራህ እየሳቀች ሁሉንም አወራችላት፤ ባሕሩን፣ ሞረዱን፣ በመጨረሻም ባልዲውን። ሐጃ ዳውለት ስለ ባልዲው ስትሰማ መቁጠሪያዋን ከንጣፉ አነሣች።

«ለእኔ መስገጃ ብሎ?»

«ላንቺ መስገጃ ብሎ።»

«እስቲ እግሩን አሳዪኝ። ከሩቁ ነው ታዲያ!» ኢንሺራህ መዳፉን አነሣች። ሐጃ ዳውለት አንገቷን አስግጋ መረመረችውና «ከሻዕባን እግር ይሻላል» ስትል ፈረደች።

በማግስቱ ሻዕባን መጥቶ «የሚጫነው ውሻ የቱ ነው?» ሲል «እንቁላሉን አስቀምጥ፣ እግርህን ታጠብ፣ ከዚያ ምሳህን ብላ» አለችው። ስለ ውሻው ሌላ ቃል አልተነሣም።

ምሳው ተነሥቶ እንግዳው ከሄደ በኋላ ኢንሺራህ በረንዳ ላይ ሆና የሉቅማን ጥፍሮች በጣቷ ዳሰሰች። ክብ ናቸው፤ አይቧጥጡም። ግን ጥፍር ነውና ነገም ያድጋል፤ ባዩሚ ቢሞርድ ቢሞርድ የአሸዋውን ዕዳ ብቻውን ሊከፍል አይችልም።

«ሐጃ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት የምንሄደው በኮርኒሹ ነው። በውስጥ ለውስጡ መሄድ ትቻለሁ።»

«በኮርኒሹ? በዚህ ብርድ? መንገዱ እኮ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ከሱብሒ ሶላት ጋር ልትነሺ ነው!»

«ካንቺ ጋር እነሣለኋ። አሸዋው የባዩሚ ነው፤ ድንጋዩ የእኔ ድርሻ ነው» አለች ኢንሺራህ፤ ገብታም የቀስቃሽ ሰዓቷን ቀደም አድርጋ ሞላችው።