አትነቃነቂ ያልኳት አክስቴ

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ዘግይቼ ስለገባሁ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ እረዝም ነበር። የሳይንስ መምህራችን ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የፊልም ካሜራ ይዘው መጡ። እንደ ሰዓት ቁልፉን እያዞሩ ሞላውን የሚሞሉት ዓይነት ነው። "ለወላጆች ቀን ስለ እንሰት አጭር ፊልም ትሠራላችሁ" አሉን።

ካሜራውን እኔ ልያዝ አልኩ። ወንዶቹ ሳቁ። አንዱማ "አንቺ ከያዝሽው የሚታየው ጣትሽ ብቻ ነው" አለኝ። መምህሩ ግን ሰጡኝ። "ያለን ፊልም አንድ ነው። ካበላሸሽው ካሜራው ለእነሱ ነው" አሉ።

ሳምንቱን በባዶ ካሜራ ስለማመድ ሰነበትኩ። ክርንን ከጎን ማጣበቅ፣ ለፀሐይ ጀርባ መስጠት፣ ርቀቱን በእርምጃ መለካት። ፊልሙን ብርሃን እንዳያገኘው የአባቴን ጋቢ ተከናንቤ በዳሰሳ መክተት ተማርኩ። እናቴ ገብታ አየችኝና "ምነው፣ ወባ ያዘሽ እንዴ?" አለች። መምህሩ ደጋግመው የነገሩኝ ግን አንድ ነገር ነበር፦ "ሞላው እስኪያልቅ ጣትሽን እንዳታነሺ።"

ቅዳሜ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር፣ ቡና ሊጭን ባዶውን በሚሄድ መኪና ከዲላ ተሳፍረን ዱመርሶ መንደር የምትኖር አክስቴ ዘንድ ሄድን። እንሰት ስትፍቅ ልናነሳት ነው። እሷ ግን ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ጓሮ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ጠበቀችን።

"እትዬ፣ መፋቁስ?"

"መጀመሪያ እንደ ሰው አንሺኝ። ዲላ ፎቶ ቤት ስቄ ፊቴ ሁለት ሆኖ ወጣ። ዛሬስ አልሞኝም።"

እኔስ ከፎቶ ቤት በቀር ምን አውቃለሁ? ልክ እንደ ባለፎቶ ቤቱ "እንዳትነቃነቂ" አልኳት። ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ሞላው ሲያልቅ እየሞላሁ ከፊት አነሳኋት፣ ከጎን አነሳኋት። ጎረቤቶች መጥተው እንደ ሙሽራ አጃቢ ተደረደሩ፤ እነሱንም "እንዳትነቃነቁ" አልኩ። መጨረሻ ላይ አክስቴ ሰለቻትና ተነሳች፤ ቀሚሷን ሰብስባ መፋቂያዋን አነሳች። ጣቴን ሳላነሳ ጥቂት እንደፋቀች ፊልሙ አለቀ።

ስንመለስ ጓደኛዬ ድንገት "ፊልም ግን የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበር?" አለችኝ። ካሜራው ከእጄ ወጣ ብዬ ደመደምኩ።

በወላጆች ቀን አንሶላ ግድግዳ ላይ ተወጠረ፤ አክስቴም መጥታ ፊት ተቀመጠች። አንሶላው ላይ ቀጥ ብላለች። አሁንም ቀጥ ብላለች። ከኋላ ወንዶቹ "ማሽኑ ተበላሸ" ሲሉ አንዲት ዶሮ በአክስቴ እግር ሥር ሰተት ብላ አለፈች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አክስቴ ብድግ አለች፤ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ እንሰቱን ሳንቃ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ መፋቂያዋ ትፍቀው ጀመር። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ አፏን ከፈተች። ፊልሙ ድምፅ የለውም። እውነተኛዋ አክስቴ ከወንበሯ ተነሳችና "እዚህ ላይ፣ ቆጮ ሳትበሉ አትሄዱም እያልኳቸው ነው" ብላ ለሕዝቡ አስረዳች። ጭብጨባው ቀለጠ።

መምህሩ ጠጋ ብለው "ጣትሽን አላነሳሽም። ካሜራው አንቺው ዘንድ ይቆይ" አሉኝ።

አክስቴ ከዚያ ወዲህ ፎቶ ቤት አርፋ መቀመጥ ተወች። ባለፎቶ ቤቱ "እንዳትነቃነቂ" ሲላት እጇን ታወዛውዛለች። እኔ ዘንድ ባለው ፎቶዋ ላይ ቀኝ እጇ አይታይም።