በሰው ፈረስ ያደረስኩት መርዶ

ባለፈው ጥር፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ሐይቅ ከተማ መሐል በጠራራ ፀሐይ የሰው ፈረስ ሰረቅሁ። ሆን ብዬ አይደለም። ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮማ አይሳካልኝም ነበር። የሰሙት ሁሉ ይስቁብኛል። እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ብቻዬን ስሆን ነው፤ ብቻዬን የማልሆንበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ ሞንጎሊያን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ፣ ድንኳናቸውን ጭነው ከብቶቻቸውን ተከትለው ስለሚዞሩት አርብቶ አደሮች ሳወራ፣ አብሬያቸው የከረምኩ ነበር የምመስለው። እኔ የረገጥኩት ሩቅ አገር አዲስ አበባ ነው። ጡረታ ወጥቼ፣ ባለቤቴም ካረፈች በኋላ፣ ቻይና የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ ሐምሌ ላይ እወስድዎታለሁ። ከእረኞቹ ጋር እንሰነብታለን። ግን ፈረስ ይልመዱ፤ እዚያ ፈረስ የማይችል ሰው ከሕፃናት ጋር ነው የሚቀመጠው» አለኝ።

ወሎዬ ሆኜ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ገበያው ዳር ከአንድ የጋሪ ባለቤት ጋር ተነጋገርኩ። «ዋርካው ሥር የታሰረውን ዳማውን ፈትተው ሜዳው ላይ ይለማመዱ» አለኝ። ዋርካው ሥር ሁለት ፈረሶች ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የካርታ ቀለም ሳስለይ የኖርኩት ሰውዬ፣ ዳማውን ትቼ ቡላውን ፈታሁ። ኮርቻው አማረኝ መሰለኝ።

ድንጋይ ላይ ቆሜ እንደምንም ተንጠላጠልኩበት። ፈረሱ መለማመድ አላሰኘውም፤ ቤቱ ናፍቆታል። አስፋልቱን ተሻግሮ የአምባሰልን አቀበት ያዘ። ልጓሙን ስስብ ይፈጥናል፣ ስለቀው ይፈጥናል። በመጨረሻ ለመንኩት፤ እሱንም አልሰማም። ለሞንጎሊያ የሌሊት ብርድ የገዛሁትን ጆሮ ያለው ቆብ አድርጌ ስለነበር ላቤ ዓይኔን ጋርዶኛል።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄድን በኋላ አንድ ግቢ ገብቶ ቀጥ አለ። ማሽላ ስታበጥር የነበረች ሴት ቀና አለች። የባሏን ፈረስ አየች። ባሏ የለም። ኮርቻው ላይ የማታውቀው ሽበታም ሽማግሌ አፉ ደርቆ ቃል ሳይተነፍስ ተቀምጧል።

በእኛ አገር መርዶ የሚያደርሰው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሰፌዱን ጣለችው። «ይመሬ» ብላ ባሏን ጠርታ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ጎረቤቱ እየሮጠ ግቢውን ሞላው።

«ማንም አልሞተም» አልኩ። አንድ አዛውንት እርካቡን ያዙልኝና «አብሽሩ፣ ቀስ ብለው ይንገሩን» አሉኝ። ለካ መርዶ ነጋሪ ሁሉ ሲጀምር «ማንም አልሞተም» ነው የሚለው። «ባልሽን ጨርሶ አላውቀውም» ስላት ደግሞ ባሰባት። አንዱ ጎረቤት ደወለለት፤ ስልኩ ዝግ ነው።

«ታዲያ ፈረሱ ላይ ምን ሊያደርጉ ወጡ?» አሉኝ አዛውንቱ።

«ሞንጎሊያ ልሄድ ስለማመድ።»

«የት ቀበሌ ነው እሱ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ማንም አልሳቀም። የይመር ሚስት ዘሐራ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እንዴት እንደሚስቅ፣ ሽንብራ ሲዘራ እንዴት እንደሚያንጎራጉር እያነሳች ታለቅሳለች፤ ሰዉም ይቀበላታል። እኔ ከላይ ሆኜ ሳዳምጥ፣ አይፍረዱብኝና፣ ቀናሁ። የጉዞው ቅጽ ላይ «አደጋ ቢደርስ ለማን ይነገር?» የሚል መስመር አለ። ሦስት ቀን ብዕር ይዤ አፍጥጬበት ባዶውን ተውኩት። ልጅ አልወለድኩም። እዚያ ሜዳ ላይ ወድቄ ብቀር፣ ባዶ ፈረሴ የሚመለስበት ግቢ እንኳ የለኝም ብዬ አሰብኩ።

ይህን ጊዜ ይመር አቀበቱን በእግሩ ጨርሶ፣ ዱላውን እንደጨበጠ፣ እያለከለከ ገባ። አመጣጡ ለእኔ ነበር። ሕዝቡን ሲያይ ዱላው ወረደ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ» አሉት አዛውንቱ።

ዘሐራ ዘላ ተነሳችና ስልክህን ለምን ዘጋህ እያለች ደረቱን በቡጢ ደበደበችው። ሳቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔን አቅፈው አወረዱኝ። እግሮቼ እንደተንፈራጠጡ አልገጥም ስላሉ፣ እንደ ቃሬዛ ተሸክመው አስገቡኝ። እርጎ በቅል ሰጡኝ። ስለ ሞንጎሊያ ክፍል ውስጥ የማወራውን ሁሉ አወራሁላቸው፤ እንደነሱ አጥብቆ የጠየቀኝ ተማሪ አላስታውስም።

«እንግዳ ይቀበላሉ?» አለ ይመር።

«ይቀበላሉ። እንግዳ በር ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ነው የሚገባው።»

«እንደ እርስዎ» አለች ዘሐራ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመር ፈረሱ ላይ አውጥቶኝ፣ ልጓሙን ራሱ ይዞ ሊሸኘኝ ሲነሳ፣ ዘሐራ ደጃፉ ላይ አስቆመችን።

«ቲቸር፣ በእርስዎ የተነሳ አንድ ሙሉ ለቅሶ አልቅሻለሁ። ለቅሶ ብድር ነው። ሳይመልሱ እዚያ ቢቀሩ አውፍ ብዬ ይቅር አልልዎትም።»

«ባልሽ እኮ ይኸው አለ። ለማን ላልቅስ?»

«አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም፤ ያኔ ይመጣሉ።»

«እኔን በመሐል አታስቸኩሉኝ» አለ ይመር።

አሁን ግንቦት ነው። ቤቴ እንደ በፊቱ ዝም ያለ ነው፤ አመሻሽ ላይ የማወራው ከግድግዳው ካርታ ጋር ነው። ዱሮ ስለ ጉዞው ሳስብ መሄዱን እንጂ መመለሱን አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን የምመለስበትን ቀን ጭምር እቆጥራለሁ። ይመርን ባለፈው ሳምንት ገበያ አገኘሁት፤ ጤናው እንደ ሾላ ግንድ ነው፤ እኔን ቀብሮ ሃያ ዓመት የሚኖር ይመስላል። የዘሐራን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልመለስኩም።