የክንዴ ፊት

ባምላክ እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ከከፈተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰው የሚያውቀው በሰርግ ነው። ጥር ከገባ ቤቱ ማደር አይሆንለትም ነበር፤ ዛሬ ዳንግላ፣ ነገ ጥሊሊ፣ ከነገ ወዲያ መኪና የማይደርስበት ገጠር። ሰርግ በሌለበት ወቅት የሆቴሎችን አልጋና ምግብ፣ የቡቲኮችን ልብስ እያነሣ ማስታወቂያ ይሠራል። ካሜራ የሚፈሩ ሽማግሌዎችን በአገውኛ ቀልዶ ያስቃቸውና ሳይዘጋጁ ያነሣቸዋል። ጥርስ የማያሳይ ሙሽራ ከእጁ አይወጣም ይባልለት ነበር።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ሰርጉ ሳሳ። መንገድ ሲዘጋ እድምተኛ አይመጣም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚደውል የለም። ሆቴሎቹም ባዶ አልጋቸውን ማስተዋወቅ ተዉ። የባምላክ ሥራ ወደ ሌላ ዞረ። ሰዎች የቆየ የሰርግ ፎቶ ይዘው ይመጡና ከመካከሉ አንዱን በጣታቸው እያሳዩ «ይኼን ብቻ አውጣልን፤ ተለቅ አድርገህ» ይሉታል። ለለቅሶ ነው። ከሙሽሮቹ ጎን ለይቶ ያወጣዋል፤ ደረቱ ላይ ያለውን አበባ ያጠፋል፤ ከጀርባው ያለውን ድንኳን በሰማያዊ ይሸፍናል። አንዳንዱ ራሱ ባምላክ ሲያስቀው የተነሣ ነው። «እየሳቀ ለለቅሶ አይሆንም» ሲሉት አፉን ሊገጥምለት ይሞክራል።

በሚያዝያ አንድ ቀን ጠዋት ሁለት የታጠቁ ሰዎች ሱቁ ገቡ። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ መናገሩ ለማንም አይበጅም።

«ባለፈው ጥር አዘና አካባቢ ሰርግ አንሥተህ ነበር?» አለው አንደኛው።

«አዎ።»

«የሚዜዎቹን ፎቶ እንፈልጋለን። ሁሉንም። ከመካከላቸው የምናድናቸው አሉ።»

«መብራት የለም። ሲመጣ ፈልጌ ላውጣው» አለ ባምላክ።

«ነገ እንመጣለን። አዘጋጅተህ ጠብቀን።»

ሲወጡ ሱቁን ዘግቶ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሀይማኖት ነገሩን ስትሰማ «ስጣቸውና ይሂዱልን። እኛም ልጆች አሉን» አለችው። ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ሰርጉን ከፍቶ ያይ ጀመር፤ እሷም ከኋላው ቆማ አብራው አየች። አንድ ቀጭን ጎልማሳ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ በተሸለመ ፈረስ ላይ ሆኖ ይስቃል።

«ይኼ ማነው?»

«ክንዴ ይባላል፤ የሙሽራው ሚዜ ነው። የሙሽራዋ መኪና ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ከፈረሱ ወርዶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ የገፋ እሱ ነው።»

ሀይማኖት ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው። ከዚያ «አጥፋው» አለች።

ያንን ሰርግ ለይቶ ቢያጠፋ ሊነቃበት ነው። ስለዚህ ሁሉንም አጠፋ፤ የዓመታት ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት። ትርፍ ቅጂ የነበረበትን ሃርድ ዲስክም በመዶሻ ሰበረው።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ሱቅ መልሶ ሲጠብቅ ሰዎቹ መጡ። «ተበላሽቶብኛል» አላቸው። አላመኑትም። ካሜራዎቹንና ኮምፒውተሩን ጭነው እሱንም ይዘውት ሄዱ። ሲለቀቅ ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር። የሆነበትን ለሀይማኖትም ቢሆን በዝርዝር አልነገራትም። ዳንግላ ያለ የሙያ ጓደኛው አሮጌ ካሜራና ላፕቶፕ አዋሰውና ጉርድ ፎቶ እያነሣ መኖር ቀጠለ።

በክረምቱ፣ ዝናብ በርትቶ በዋለበት ቀን አንዲት እናት ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጎማ ጫማቸው እስከ አፉ በጭቃ ተለውሷል።

«የሰርግ ፎቶ የምታነሣው አንተ ነህ ልጄ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይግቡ፣ ዝናቡ አያግኝዎት።»

«እንቁ እባላለሁ፤ የክንዴ እናት ነኝ። ክንዴ መንገድ ላይ ተመቶ ሞተብኝ» አሉ፤ ሳይቀመጡ። «አርባው እየደረሰ ነው። ፎቶ የለኝም። ስልኩን ወስደውታል። መታወቂያውም ከኪሱ አልተገኘም። ቀበሌው ቢሮ ከነፋይሉ ተቃጥሏል። በፈረስ ሆኖ ያነሣኸውን ሙሽራው አሳይቶኝ ነበር። እሷን ስጠኝ።»

ባምላክ ወንበር አቀረበላቸውና የሆነውን ሁሉ በአገውኛ ነገራቸው። በአማርኛ ሊነግራቸው አልቻለም። እማማ እንቁ እስኪጨርስ መሬት መሬት እያዩ ሰሙት።

«ለእሱ ብለህ ነው ያጠፋኸው?»

«አዎ።»

«እሱም አልዳነ» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም። ቆይተው ግን «ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። ስተኛ አየዋለሁ፣ ስነቃ ግን አይመጣልኝም» አሉት።

ሙሽሮቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። ባምላክ ግን ትልቁን አልበም ለሙሽራዋ እናት ለወይዘሮ ዓባይነሽ ራሱ አስረክቧል። በማግስቱ በሚኒባስ ጥሊሊ ሄደ። ወይዘሮ ዓባይነሽ አልበም የሚለውን ቃል ሲሰሙ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ።

«ቤት ለቤት ሲፈትሹ ሰማንና ቀበርነው» አሉት በሹክሹክታ። «ልናቃጥለው ነበር፤ የልጄን ፊት እሳት ውስጥ መክተት አቃተኝ።»

ከጓሮ ከቀርከሃው ሥር ቆፍረው አወጡት። በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሏል፤ ውሃ ግን ገብቶበታል። ገጾቹ ተጣብቀዋል። ባምላክ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያላቅቅ ጀመር። የፈረሱ ፎቶ ያለበት ገጽ ሲላቀቅ ፈረሱ ከነሽልማቱ ወጣ፤ ጋቢው ወጣ፤ ልጓሙን የያዘው እጅ ወጣ። ከፊቱ ግን አገጩና የግራ ጉንጩ ብቻ ቀረ። ሌላው ከወዲያኛው ገጽ ጋር ተልጦ ነጭ ሆኗል። ወይዘሮ ዓባይነሽ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እያሉ አለቀሱ።

ባምላክ ቁራጩን ይዞ ተመለሰ። አሁን የጎደለ ፊት የሚሞላ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። አርባው ሳይደርስ ብሎ ቀን ቀን ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ዋለ። ዓይን አበጀ፣ አፍንጫ አበጀ፣ ጉንጩን ከጉንጩ ጋር አስማማ። ሀይማኖት አይታ «ሕያው ይመስላል» አለችው። አሳትሞ በመስታወት አስገባው።

እማማ እንቁ ሲመጡ ሰጣቸው። በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ወለወሉት፤ አዩት፤ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው እንደገና አዩት።

«የማን ልጅ ነው?» አሉት።

ባምላክም ጠጋ ብሎ ፎቶውን አየው።

«ቆንጆ ልጅ ነው፤ ለእናቱ ያኑርላት። የእኔ ግን አይደለም» አሉና መለሱለት። «ያችን የተላጠችዋን ስጠኝ።»

«እማማ፣ ፊቱ እኮ የለም።»

«አገጩ አለ አይደል? አገጩ የእሱ ነው።»

በአርባው ባምላክ አዘና ወረደ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በፈረስ ላይ የሆነ ፊቱ የተላጠ ሰው ፎቶ ቆሟል። ለቀስተኛው ሁሉ እየገባ ቆም ብሎ ያየዋል፤ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሚዜ ከነበሩት የመጣ የለም። ምግቡ ሲነሣ እማማ እንቁ ባምላክን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ያን ቀን ስታነሣው ምን ብለህ ነው ያሳቅኸው?»

ባምላክ አሰበ። የሳቁ ሚዜዎች ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል፤ ሁሉም ፈረስ ላይ ነበሩ። አንድ ቀልድ ትዝ አለው፤ ስለ ፈረሱ ነው፤ ፈረሱ ከሙሽራው ይልቅ ያምራል ብሎ የቀለደው። ለክንዴ ይሁን ለሌላ ሰርግ ሚዜ የቀለደው እርግጠኛ አልነበረም።

ቢሆንም ነገራቸው። እማማ እንቁም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት፤ ሲጨርስ «አዎ፣ ፈረስ ይወድ ነበር» አሉ።